ጥንቅሽ በእንግሊዝኛ ፊደል

እኔ አልኮረጅኩም። የተኮረጀው ከእኔ ነው። በዚህ ምክንያት ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ቀርቻለሁ፤ ከእኔ የኮረጀችው ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ አበባ ታቅፋ ፎቶ ተነስታለች። መጀመሪያ ይኼ ይመዝገብልኝ። ሌላውን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሰሞኑን ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ጋዋን ነው። ለምርቃቷ ተከራይታ ያመጣችውን ጋዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስትተኩሰው፣ ከእንፋሎቱ ጋር የሌላ ሰው ላብና የሳሙና ሽታ ወጣ። የእኛም ክፍል ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በሚያዝያ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ መማር ምን እንደሆነ ለደገኛ መንገር አይቻልም። ሦስት ሰዓት ሲል ቆርቆሮው ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። አምስት ሰዓት ላይ ደብተሩ ከክንዳችን ጋር ይጣበቃል። በመስኮቱ ከመስኖው ማሳ የሽንኩርት ሽታ ይገባል፤ ከዋናው መንገድ ደግሞ ወደ ደሴ የሚወጡ የጭነት መኪኖች ጩኸት። እኔ ከመንደራችን አንድ ሰዓት ተኩል በላስቲክ ጫማ ተጉዤ ስለምደርስ፣ ከመቀመጤ በፊት ጫማዬን አውልቄ አሸዋውን አራግፍ ነበር። የአስተማሪዎቹ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ በክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ።

የዴስክ ጓደኛዬ ደገኛ ነበረች። አባቷ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆኖ ሲዛወር ተከትላው የመጣች፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ አዲስ የተጎነጎነ ልጅ። ሙቀቱ ያደክማታል። ወባ ሲጥላት ያመለጣትን ትምህርት ደብተሯ ላይ የምገለብጥላት እኔ ነበርኩ። እሷም ምሳዋን ለሁለት ከፍላ፣ ትልቁን ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። እወዳት ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

የባዮሎጂ ፈተና መጣ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ አገዳቸው ውስጥ ስኳር የሚያከማቹ ሁለት ተክሎችን ጥቀሱ ይላል። አንዱን፣ ሸንኮራውን፣ ጻፍኩ። ሁለተኛውን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። በአባቴ ማሽላ መሐል የሚበቅለው፣ አገዳው ተልጦ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጠው ጥንቅሽ ነው። የይፋት ቆላ ልጅ ጥርሱን የሚሞርደው በጥንቅሽ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ ግን ከየት ይምጣ? ባዶውን ከምተወው ብዬ ጥንቅሽን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት፤ አጻጻፉንም ከራሴ አወጣሁ። ይኼኔ የዴስክ ጓደኛዬ በክርኗ ጎነጥ አደረገችኝ። ወረቀቴን ትንሽ ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ አልክደውም። እሷ ቃሉ እንግሊዝኛ መስሏት ፊደል በፊደል ገለበጠችው።

ወረቀቱ በተመለሰ ቀን አስተማሪው የሁለታችንን ይዞ ፊታችን ቆመ። የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ቆላን ያየው በዚያው ዓመት ነው።

«ይኼ ከየት የመጣ እንግሊዝኛ ነው?» አለና ቃሉን ጮክ ብሎ አነበበው። አፉ ውስጥ ተጠማዞ «ታይንኪሽ» ሆነ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ላጥ አድርገው ይምጠጡት!» አለ አንዱ ከኋላ።

አስተማሪው ስድብ መሰለው። ፊቱ ጠቆረ። የዴስክ ጓደኛዬም ሳቀች፤ ግን ምን እንደሚያስቅ አታውቅም። ግራ ቀኝ ሌሎቹን አይታ ነው የሳቀችው።

«ተነሺ!» አለኝ። እኔን ብቻ። «ከእሷ ነው የኮረጅሽው?»

«እኔ አልኮረጅኩም ጋሼ። ቃሉ የእኔ ነው። ምን ማለት እንደሆነ እሷን ይጠይቋት።»

«የኃላፊ ልጅ ከአንቺ ትኮርጃለች?»

ከክፍሉ ግማሹ የቆላ ልጅ ነው። ቃሉን ያውቃሉ። ማን ከማን እንደገለበጠ ገብቷቸዋል። አሁን በሳቅ ይፈርስ የነበረው ክፍል ጸጥ አለ፤ አንድ እጅ እንኳ አልወጣም።

ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባቴ ወፍ ከሚጠብቅበት የማሽላ ማሳ ዱላውን እንደያዘ መጣ። ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ በሰላም እንዲያልቅ ነው የፈለገ። አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። «ኮርጃለሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ ብለሽ ፈርሚ። ሰኞ ክፍልሽ ትገቢያለሽ። አልፈርምም ካልሽ ግን ትባረሪያለሽ።» አባቴ ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን ትቶ እኔን አየ።

«ሰርቀሻል?»

«ወላሂ አባ፣ አልሰረቅኩም።»

«እንግዲያው ያልሠራችውን አትፈርምም» አለና ተነሳ።

መንገዱን ሙሉ እርምጃውን አፍጥኖ ሄደ። እኔ ነገ ወረዳ ሄዶ ይከስልኛል፣ መልሶ ያስገባኛል እያልኩ ከኋላው እሮጣለሁ። ደጃፋችን ስንደርስ ቆመና «አምኜሻለሁ» አለኝ። «ስላመንኩሽ ነው እንደገና ለእነሱ የማልሰጥሽ።»

ባያምነኝ ኖሮ ገርፎ ያስፈርመኝና ይመልሰኝ ነበር። ስንት ዓመቴ፣ ዛሬም ይህን ሳስብ የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ አስቀምጣለሁ። በዓመቱ ተዳርኩ።

እነሱ አሥራ ሁለተኛን በጨረሱ ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ቲማቲም በአህያ ጭኜ ወደ ገበያ እወርድ ነበር። በትምህርት ቤቱ ሽቦ አጥር በኩል አለፍኩ። ነጭ በነጭ ለብሰው ኒም ዛፉ ሥር ለፎቶ ተሰልፈዋል። የአንዳንዱ ሸሚዝ ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈበት መስመር ገና አልለቀቀም። የክፍል አለቃችን የነበረው ልጅ አየኝና ሮጦ መጣ። በሽቦው ቀዳዳ ከረሜላ አቀበለኝ።

«ለልጅሽ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁላችንም እኮ እናውቅ ነበር።»

«ታዲያ?» አልኩት።

ፎቶ አንሺው ጠራው፤ ሄደ። ደግ ልጅ ነበር። ደጎች ነበሩ ሁሉም፣ የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። የዴስክ ጓደኛዬ መሐል ላይ ቆማለች። ዓይናችን ሲጋጠም አበባውን ወደ ፊቷ ከፍ አደረገችው።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ በተመረቀችበት በዚያው ትምህርት ቤት ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ ልጆቹ በጥቁር ጋዋን ላብ በላብ ሆነው ተደርድረዋል። የቀድሞ ተማሪ የክብር እንግዳ መጥታለች ብለው አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ አምጥተዋል። መድረክ መሪው ሲቀልድ ሰው ሳቀ፤ እሷም ግራ ቀኝ አየችና ሳቀች። ያኔ አወቅኳት። ቆማ ምክር ሰጠች። «ልጆቼ፣ ፈተና ላይ በራሳችሁ ብቻ ተማመኑ» አለች። ተጨበጨበላት።

ተነሳሁ። የልጅ ልጄ ሻርፔን ያዘችኝ። «እማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዛሬ እኮ ቀኔ ነው!»

«ቀንሽን አልነካብሽም። እኔ የራሴን ነው የምጠይቀው» ብዬ ሄድኩ።

ውኃ ልትጠጣ ስትል ደረስኩባት። «አወቅሽኝ?» አልኳት።

«ይቅርታ፣ እርስዎን…»

«አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ባዮሎጂ።»

ጠርሙሱ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ልሰድብሽ አልመጣሁም» አልኳት። «ያን ቀን ከአጠገቤ ተቀምጠሽ ለምን ዝም አልሽ? ይህን ብቻ ንገሪኝ።»

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መልሷን እኔው ስሠራላት ኖሬአለሁ። ፈርቼ ነው ትላለች። ልጅ ነበርኩ ትላለች። አባቴ ይገለኝ ነበር ትላለች። ለእያንዳንዱ የምመልሰው አዘጋጅቻለሁ፤ ማሳ ስኮተኩት፣ ልጅ ሳስተኛ ስለማመደው የኖርኩት ነው።

እጆቿን ታያለች። ቆዳቸው እንደ እኔው ተሸብሽቧል። የልጅ ልጄ ከሩቅ ትጣራለች፤ ሰዎች ለፎቶ ይጋፋሉ።

«አስተማሪው አንቺን እኮ ነው የጠየቀሽ» አለችኝ በመጨረሻ፤ እርስዎ ማለቱን ትታ፣ በዚያ በልጅነት ድምፅዋ። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»