የዓሦቹ ምሳ

ታላቅ ወንድሜ ከጅዳ ለአባታችን ባሕር ላከለት። ተጋነነ ቢባልም ውሸት አይደለም። የላከው ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ አበባ የሚመስል ግን እንስሳ የሆነ አንድ ኮራል፣ ጥቂት ድንጋይና አንድ ጆንያ የባሕር ጨው ነበር። ያመጣቸው ዘመዳችን የዓሦቹን ላስቲክ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ነው ከአውሮፕላን የወረደው። የመስታወት ሣጥኑን ደግሞ አራዳ ገበያ የመስኮት መስታወት የሚቆርጥ ሰው ሠራልን። አንዲት ጎረቤታችን ውኃው ጨው እንዳለበት ስትሰማ፣ "ታዲያ የቀረው ሽንኩርት ብቻ ነዋ" ብላ ሄደች።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት ይሆናል። እናታችን ከሞተች ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። አባቴ ሱቁን ለእኔ ትቶ አልጋው ላይ ከዋለ ቆይቷል፤ ለሶላት ይነሳል፣ ሰግዶ ተመልሶ ይተኛል። ዓሦቹ ሲመጡ ግን ተነሣ። ወንበሩን ሣጥኑ ፊት አስጠግቶ እስከ ማታ እነሱን ሲያይ ይውላል። ወንድሜ በሕይወቱ አንድ ብልህ ነገር አደረገ ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ወር ኮራሉ ተጨማደደ። ለወንድሜ ደወልኩ፤ ውኃውን መርምር አለኝ። ከዓሦቹ ጋር የላካት መመርመሪያ አለች፦ ከሣጥኑ ትንሽ ውኃ በብልቃጥ ትቀዳለህ፣ መድኃኒቱን ጠብ ታደርግበታለህ፣ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፣ ከቀላ ናይትሬት በዝቷል። የእኛ በርበሬ ሆነ።

"ናይትሬት ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ ነው የሚመጣው" አለኝ ወንድሜ። "ካላወረድከው ኮራሉ ብዙ አይቆይም፤ ዓሦቹም ይከተሉታል።"

እውነቱን ለመናገር ለኮራሉ አላዘንኩም። የፈራሁት አባቴ ተመልሶ አልጋው ላይ እንዳይወጣ ነው።

ስለዚህ ዘመቻ ጀመርኩ። የቧንቧውን ውኃ ስላላመንኩት የክረምቱን ዝናብ ከቆርቆሮው በበርሜል አጠራቀምኩ፤ በጅዳው ጨው እየበጠበጥኩ በየሳምንቱ የሣጥኑን ሲሶ ቀየርኩ። ውኃውን የሚያጣራውን ስፖንጅ አጠብኩ። ምግባቸውን በቀን አንድ ቁንጥጫ አደረግሁና ጣሳውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሱቅ እየወሰድኩ መቆለፍ ጀመርኩ። ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ብልቃጧን አነሳለሁ፤ ቀይ። ጨውን ጠረጠርኩ፣ ዝናቡን ጠረጠርኩ፣ የቤት ሠራተኛችንን ሳሙና ጠረጠርኩ፤ መጨረሻ ላይ ዓሦቹን በክፉ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከኮሶዬ የሚመጣ የቆየ ደንበኛችን ሱቅ ገባ። ዕድሜውን በገብስና በከብት ያሳለፈ ሰው ነው።

"ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አለኝ።

"አያ፣ የአባቴ ዓሦች ውኃ ናይትሬት በዛበት።"

"ምን ይሉት በሽታ ነው?"

"በሽታ እንኳ አይደለም። እንደ ዩሪያ ማዳበሪያ ያለ ነገር ነው።"

ጋቢውን አደላድሎ ዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠ። "እኔ ለሱ በየዓመቱ ፀሐይ ላይ እሰለፋለሁ። አንተ ቤቴ ድረስ መጣብኝ ብለህ ታለቅሳለህ? በል ውኃውን በጀሪካን ቅዳልኝ፣ ማሳዬ ላይ አፈሰዋለሁ።"

ጨው ነው፣ ገብሱን ያቃጥለዋል አልኩት። አዘነ። ቀጥሎ ዓሦቹ ሥጋ ይበሉ እንደሆነ ጠየቀኝ። የሚበሉት ደረቅ ፍርፋሪ ብቻ ነው ስለው፣ "እንግዲያ ጾመኞች ናቸው። የእናንተ ሳይሆኑ የኛ ናቸው" ብሎ ሳቀ። ከዚያ፣ "ስንት ናቸው?" አለኝ።

"ሁለት።"

"ሁለት ጥጃ ይሄን ሁሉ እዛባ አይጥልም። ሸጋ አርጎ የሚያበላቸው ሰው አለ። በረት መጥረጉን ተውና ሰውየውን ፈልግ።"

ጣሳው ሱቅ ውስጥ ተቆልፎ ሳለ ማን ያበላቸዋል ብዬ በገበሬው የዋህነት ሳቅሁ።

በሳምንቱ፣ ቀትር ላይ ሰማዩ ሲጠቁር፣ የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ቤት ተመለስኩ። በረንዳው ላይ ስደርስ ከሳሎን የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

"በሞቴ። ይቺን ብቻ። እኔ አፈር ልሁን።"

የተከበረ እንግዳ ያለ መሰለኝ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ኮሌታዬን አስተካከልኩ፣ ገባሁ። አባቴ ብቻውን ነው። የምሳው ትሪ ጭኑ ላይ፣ እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቦ፣ በጣቶቹ ጫፍ ጥብስ የተጠቀለለባት ጉርሻ ይዞ ውኃው ላይ አጎንብሷል። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። አጎረሰ። ወዲያው ሌላ መጠቅለል ጀመረ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አላቸው።

ሁለተኛዋ ዓሣ እንዳትቀየም ለእሷም ሁለት። የኮራሉ አፍ የት እንዳለ ስላላወቀ ለሱ ከላይ በተነለት። ጾመኞቹን አየኋቸው።

"አባ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

አልደነገጠም። "ምሳ እየበላን ነው" አለኝ።

"ዓሣ እኮ ጥብስ አይበላም።"

"ቢስሚላህ ብዬ ነው የሰጠኋቸው።" እጁን በፎጣ ጠረገ። "ልጅቱ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። አንተ ሱቅ ነህ። እነሱ አፋቸውን ከፍተው እያዩኝ ብቻዬን ልዋጥ? ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል።"

ሳቄ መጣ፤ ግማሽ ላይ ደረቀብኝ። አባቴ ወቀሳ አልነበረም የያዘው፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚነግረኝ ያህል ነው የተናገረው። እኔ ግን አፈርኩ። ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ የሣጥኑን ውኃ ስመረምር፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ከማን ጋር ነው የምትበላው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ጃንጥላውን ትቼ እጄን ታጠብኩና ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁን እዘጋለሁ። የሠፈሩ ነጋዴዎች ሚስት አግብቶ ደብቆናል አሉ። ለዓሦቹ ጫፍ ጫፏን ይሰጥ የነበረው ሰው ለእኔ ሲሆን ዓይን የሚያስፈጥጥ ይጠቀልላል፤ ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም ይላል። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውጭ ሄደ። የብልቃጧ ውኃ በሦስተኛው ዓርብ ብርቱካንማ፣ በአምስተኛው ቢጫ ሆነ፤ ኮራሉም ተዘረጋ።

በማግስቱ ምሳ ላይ እያለን ወንድሜ ደወለ። ቢጫ ሆነ ስለው አላመነኝም።

"ምን ማጣሪያ ገዝተህ ነው?"

"ማጣሪያው እኔ ነኝ" አልኩትና ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። ሲስቅ ሳል ያዘው፤ ሳቁ ከስልኩ አልፎ ሳሎኑን ሞላው። አባቴ ግራ እጁን ዘረጋ፣ ስልኩን ሰጠሁት።

"ዓሦቹ ደህና ናቸው፣ ልጄ" አለው። "ምሳ አሁን ከወንድምህ ጋር ነው የምበላው። አንተስ መቼ ነው የምትመጣው?"

ሳቁ ቆመ። አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ መልስ ሲጠብቅ፣ ቀኝ እጁ ትሪው ላይ በቀስታ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ስልኩ አጠገብ ያዘው። እኔም እንደለመድኩት አፌን ከፈትኩ። ጉርሻው ግን የእኔ አልነበረም።