የእርሳስ ሣጥን

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንዲት ትንሽ የወረቀት ፋብሪካ የዕቃ ቤት ተሸካሚ ነበርሁ። ከሥራ ስወጣ ቀበሌ መሠረተ ትምህርት እየሄድሁ ፊደል የቆጠርሁትም ያን ዓመት ነው። ጽሕፈቴ ዛሬም ሸካራ ነው፤ የሚያነብ ይታገሠኝ።

የምጽፈው ስለ አንድ ወዳጄ ነው። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ከአባቱ ጀምሮ ጣና ዳር ዓሣ አስጋሪ ነው። ሥጋ አብረን አንበላም፤ የሱን እኔ አልነካ፣ የኔን እሱ አይነካ። ዓሣ ግን አይታረድም፤ የማንም ሃይማኖት ቢላዋ አያርፍበትም። ስለዚህ እሑድ ቅዳሴ ስወጣ ወደሱ ነው የምሄደው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በፍም ይጠብሰዋል፣ ከአንድ ሰሐን እንበላለን። አጥንቱን እሱ ነበር የሚለቅምልኝ። እንደ ድመት ትውጣለህ፣ አንቆህ ብትሞት ዘመዶችህ እኔን ነው የሚከሱኝ ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማዕድ ቀርቦልኛል። አጥንት የሚለቅምልኝ ግን አላገኘሁም።

ያን ዓመት አዲስ የናይሎን መረብ ገዛ። መረቡን ወደ ታች የሚጎትት ክብደት ግን አጣ። ብረት ቢያስርበት እየዛገ ክሩን በላበት። ትንሽ እርሳስ ባገኝ አቅልጬ በየጠርዙ አስረው ነበር ይላል። ስጠኝ አላለኝም፤ እኔ ግን ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ።

ዕቃ ቤታችን ጥግ ላይ፣ ከደብተሩና ከቀለሙ ጋር፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። ትንሽ ነው፤ ግን ለብቻዬ አላነሣውም። የተለጠፈበት ወረቀት «የእርሳስ ሣጥን» ይላል፤ የዕቃ ቤት ኃላፊው መጻፊያ እርሳስ ነው ብሎ እዚያ አስቀመጠው። እርሳስ እንዲህ አይከብድም፣ ይህ የሚቀልጠው እርሳስ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ተከራከርሁት። ፊደል ቆጠርሁ ብለህ ልታስተምረኝ ነው? ብሎ ሳቀብኝ። የሚወገድ ዕቃ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ግን «በል እርሳስህን ይዘህ ሂድና ጻፍበት» አለኝ።

ወረቀቱን ራሴ አነበብሁት። የመጀመሪያውን መስመር ፊደል በፊደል ለቀምሁ፤ እርሳስ። ደስታዬ! ከሱ በታች ያለውን ሳላነብ ልጬ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ከታች ያለው «አይከፈትም» ነበር። ሣጥኑን በጋሪ ጭኜ ለወዳጄ አደረስሁለት።

በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ አንዲት ባለሙያ መጣች። የእርሳስ ሣጥኑ የት ነው ብትል ኃላፊው አንድ ካርቶን መጻፊያ እርሳስ አውጥቶ ሰጣት። ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ። የወረቀት ውፍረት የሚለካ አንድ አሮጌ መሣሪያ ነበራችሁ፤ ሲፈታ ከውስጡ እንደ አተር ያለች ነገር ወጥታ እዚያ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች አለች። ጨረር አላት፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውን ግን ከውስጡ ያቃጥላል። እርሳሱ አጥሯ ነው። አጥሩ ከፈረሰ የነካት ሁሉ ይታመማል፣ ይሞታልም።

ሣጥኑ ወዴት እንደሄደ ነገርኋትና በፋብሪካው መኪና ወደ ሐይቁ ወረድን።

ወዳጄ እሳቱን አንድዷል። የላዩን እንጨት ገንጥሎ ጥሏል፤ ግራጫው እርሳስ ወጥቷል፤ መጥረቢያውን ይዟል። ተው አልሁት፣ ነገሩን አስረዳሁት። አየኝ አየኝና፦

«ሰርቀኸው ኖሯል? ሰርቄ ነው በለኝና ልመልስልህ። ወላሂ ለማንም አልተነፍስም። የማይታይ እሳት አለበት እያልህ ግን እንደ ሕፃን አታስፈራራኝ» አለኝ።

አልሰረቅሁም፣ ሰረቅሁም አልልም። ሄጄ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥሁበት።

«ኧረ ጋሼ፣ ይነሡ ከዚያ ላይ!» አለች ሴትዮዋ። አልነሣም አልኋት። ወዳጄ ሳቁ መጣ። እሳት አለበት ያልኸው ላይ ነው የምትሞቀው? አለ።

እንዲህ ከሆነስ ወስጄ ጥልቁ ላይ ልጣለው፣ ሐይቅ የማይውጠው የለም አለ። ሐይቅ አይውጥም አለችው። እርሳሱ ከዓመታት በኋላ ተበልቶ ያልቃል፣ ውስጡ ያለውን ውኃው ይጠጣዋል፣ ከውኃው ዓሣው፣ ከዓሣው ሰው፤ የተረፈው በዓባይ ይወርዳል። አላመናትም። ትከሻዬን ይዞ ገፋኝና መጥረቢያውን አነሣ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ከአፌ ወጣ።

«ይህን ከከፈትኸው ከዛሬ ጀምሮ ዓሣህን አልበላም።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። በእኔና በሱ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ አያውቅም። ሥጋውን አልበላም ማለት ሃይማኖት ነው፤ ዓሣውን አልበላም ማለት ግን እሱን መጸየፍ ነው። መጥረቢያውን መሬት ላይ አጋደመ።

«ውሰደው። ዓሣዬን የተጸየፈ ሰው እርሳሱንም ይውሰድ» አለና ፊቱን አዞረ።

ሴትዮዋ ጠቅ ጠቅ በሚል መሣሪያ ሣጥኑን ዞረችው፤ እሱንም እኔንም አየችን። አልተከፈተም፣ ተርፋችኋል አለች። ሣጥኑ በርሜል ውስጥ ገባ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ተሞላ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ወደተዘጋጀ ቦታ እስኪጫን ድረስ ተቆልፎበት ተቀመጠ። እስከ መቼ ይጠበቃል ብላት፣ እኛ አልፈን ልጆቻችንም ይጠብቁታል አለችኝ።

ወዳጄ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቤተሰቡን ይዞ ከሐይቁ ማዶ፣ ወደ እንፍራንዝ በኩል ሄደ። እስኪሄድ ድረስ መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን፣ ልጆቼንም ይጠይቀኛል። ና ብላ ግን አላለኝም። ያ ቀን ቢመለስ፣ መጥረቢያውንም ቢያነሣ፣ ያንኑ ቃል እደግመዋለሁ፤ ሌላ የሚያስቆመው ቃል አልነበረም። ዛሬም እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እግሬ ሳላዘው ወደ ሐይቁ ይሄዳል። የሱ ቤት የነበረበት ዛሬ የሌላ ሰው አጥር ነው። ቆሜ ወደ ማዶ አያለሁ፤ ጉም ባይኖርም ማዶው አይታይም።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ እንደሚመጣ አላወቅሁም፤ ነገ የሚበርድ ቁጣ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ከከተማው ዳር ወዳለችው ሰባታሚት ወጣሁ። ወገባቸው ቀጠን ያለ፣ ገመድ የሚይዝ ጥቋቁር ድንጋይ እየመረጥሁ በጆንያ ሞላሁና ተሸክሜ ቤቱ ወረድሁ። እሱ ሐይቅ ገብቷል። ሚስቱ መረቡን ከአጥሩ አውርዳ ሰጠችኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ የፋብሪካው ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ፣ ድንጋዩን አንድ ባንድ ከጠርዙ ላይ አሰርሁ።