የናፍጣ ማሞቂያው መጽሐፍ ምን ይላል?

ልጅ እያለሁ፣ ጉለሌ ቤታችን ውስጥ እንግሊዝኛ የማነብ እኔ ብቻ ነበርኩ። ማንበብ ከተባለ ነው። ሰባተኛ ክፍል ነኝ፤ ፊደሎቹን አሳምሬ እወጣቸዋለሁ፤ ትርጉማቸውን ግን ከሦስት ቃል አንዱን ባውቅ ነው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ ትዝ የሚለኝ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኪልበርን ቤቴ ያለውን የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ሳይ ነው። ነጭ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ክዳኑን መክፈት የተፈቀደለት ሰው በዓመት አንዴ መጥቶ ቼክ ያደርገዋል፤ የእኔ ሥራ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። አባቴ ይህን ቢያዩ የሚያዝኑልኝ ይመስለኛል። የእርሳቸው ማሞቂያ በሦስት የብረት እግሮች የቆመ በርሜል ነበር፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዙት። ከሥሩ ድስት የመሰለ ማንደጃ አለ፤ ናፍጣው በቀጭን የመዳብ ቱቦ እየተንጠባጠበ እዚያ ይነድዳል። ሲለኮስ ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ገላችንን የምንታጠበው ቅዳሜ ስለነበር ለእኛ የቅዳሜ ሽታ እርሱ ነው።

በዓመት አንዴ፣ ክረምት ሳይገባ፣ አባቴ ማንደጃውን ራሳቸው ፈተው ያጸዱታል። መካኒክ መጥራት እንደ ሽንፈት ነው የሚቆጥሩት። ያን ዓመት ግን ቱቦው እየተደፈነ እሳቱ አስቸገራቸው። አብሮት የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከቁም ሳጥን አወጡና ጠሩኝ።

የጠሩኝ ለማሞቂያው ብቻ አልነበረም። ታላቅ እህታቸው እትዬ አሰገደች ያን ሰሞን እኛ ዘንድ ሰንብተዋል። የመጡትም እኔን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ደብረ ብርሃን ሊወስዱኝና ሙያ ሊያስተምሩኝ ነው።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ተምራ ሽሮ ይጓጉልባታል» ይላሉ፣ እዚያው ማሞቂያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው።

አባቴ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «እትዬ፣ የትምህርቷን ነገር አሁን ያዩታል» አሉ።

ዝም ብል ስምንተኛ ክፍልን እንደማላያት ገባኝ።

የመጀመሪያው ገጽ ሥዕል ነበረው፤ አላስቸገረኝም። ናፍጣውን ዝጉ፣ ቱቦውን ፍቱ፣ በሽቦ ጥረጉ። አባቴ ይህን ድሮም ያውቁታል፤ ቢሆንም «ልክ ነው! ልክ ነው!» እያሉ ይሠራሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሥዕል የለም።

«ቀጥሎስ?»

«ማጥለያውን በናፍጣ እጠቡ ይላል።»

«ከዚያስ?»

«እ… በደረቅ ጨርቅ አድርቁ።»

«እጅ መታጠብስ አይልም?» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ይላል። በሳሙና።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ማንደጃውን መልሰው ገጠሙ፤ ናፍጣውን ከፈቱ። ክብሪት ሊጭሩ ሲሉ ገጹ ግርጌ ያለውን በቀይ የታጠረ ጽሑፍ አዩት።

«ቀዩ ምን ይላል?»

እዚያ ካሉት ቃላት የማውቀው ዘይት የሚለውን ብቻ ነው። ቀይ ከሆነ ግን አደጋ መሆኑ አልጠፋኝም።

«ከመለኮሱ በፊት…» አልኩና ቆምኩ። እትዬ ትክ ብለው ያዩኛል። «ከመለኮሱ በፊት የቤቱ ሰው ሁሉ ግቢ ይውጣ ይላል። የሚለኩሰውም በር ላይ ቆሞ በረጅም እንጨት ይለኩስ።»

«እኔም ጭምር?»

«ሁሉም ነው የሚለው።»

«በወንድሜ ቤት ፈረንጅ ተነሽ ይበለኝ?»

«እትዬ፣ መጽሐፉ እኮ ነው ያለው» አሉ አባቴ።

እርሳቸውን ለማስነሳት ረጅም ጊዜ ፈጀ። ናፍጣው ያን ሁሉ ጊዜ ማንደጃው ውስጥ ይንቆረቆራል፤ ልብ ያለው የለም። በመጨረሻ ጋቢያቸውን በርጩማው ላይ ጥለው፣ እያጉረመረሙ፣ ከእናቴ ጎን ግቢ ቆሙ። አባቴ የመጥረጊያ እጀታ ላይ ጨርቅ አስረው ለኮሱና ከበሩ ሰደዱት።

ዱም! አለ። የማንደጃው ክዳን ተፈናጥሮ በርጩማውን ገለበጠው፤ ጥላሸቱ በበሩ ተግተልትሎ ወጣ። አባቴ አንድ ቅንድባቸው ተለብልቦ ቀረ። ሌላ የተነካ ሰው የለም።

ጢሱ ሲጠራ እትዬ አሰገደች ገብተው ጋቢያቸውን አነሱ። ከሰል መስሏል። የተገለበጠውን በርጩማ፣ ጋቢውን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ለመሆኑ» አሉ አባቴን፣ «ይቺ ልጅ ስምንተኛ ክፍል የምትገባው መቼ ነው?»

በሳምንቱ ብቻቸውን ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሱ። እኔም ተማርኩ። በዓመቱ መዝገበ ቃላት ተውሼ ቀዩን ጽሑፍ አነበብኩት። ማንደጃው ውስጥ የተጠራቀመ ናፍጣ ካለ ጠርጋችሁ ሳታወጡ አትለኩሱ ይላል። ግቢ ውጡ የሚል የለበትም።

«አባባ፣ መጥረግም ያስፈልጋል ይላል» አልኳቸው።

«አምና አላልሽም።»

«አምና ገጹ ተጣብቆ ነበር።»

ጠረጉት፤ ማሞቂያውም ያለ ድምፅ ተለኮሰ። ይሁንና እስኪያረጅ ድረስ በየዓመቱ እኛን ግቢ ሳያወጡ ለኩሰውት አያውቁም። እናቴ ወንበር ይዛ መውጣት ጀመረች።

ዛሬ ደብዳቤ የሚያስነብቡኝ የአገሬ ሴቶች ናቸው፤ የቤት፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የቤኒፊት፣ ማለትም የመንግሥት ድጎማ። በቀደም አንዷ ከተማውን አቋርጣ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ድረስ መጣች። መሐል ላይ አንድ ቃል ገጠመኝና «ይህን አላውቀውም፤ የሚያውቅ እንጠይቅ» አልኳት። አሁን ከትምህርት ቤት የሚያስወጣኝ የለም።

«ውይ እማማ፣ እርስዎም አያውቁም?» አለች፣ ቅር ብሏት።

ልክ ነኝ፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። እንደ አባቴ ግን፣ አንድ ገጽ አነበብኩ ብዬ ቤተሰቡን በሙሉ አስነስቶ ግቢ የሚያወጣልኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።