ዜሮ ቅሬታ

ራሕዋ ካዛንቺስ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሻይ ክበብ ይዛ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ማን ስኳር እንደተከለከለ፣ ማን ጾም እንደያዘ ከሰው ኃይል መዝገብ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ዘንድሮ ክበቡን ማን ይያዝ የሚለውን አወዳድሮ የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴ የነካው ነገር መቼ ተርፎ ያውቃል! ሰብሳቢው አቶ ታዲዎስ ከሦስት ቀን ሥልጠና አንድ ቦርሳና አንድ ቀመር ይዞ የተመለሰ ምሁር ነው። ቀመሩ ተወዳዳሪዎችን በአምስት መስፈርት ይመዝናል፤ ለየመስፈርቱ ክብደት ይሰጣል፤ ለምርጡ የቀረበውን፣ ከመጥፎው የራቀውን አንደኛ ይላል። ቀመሩስ ደግ ነበር፤ እጅ ነው ያበላሸው።

ውጤቱ ተለጠፈ። ሜክሲኮ አካባቢ ካፌ ያለው ካሳይ አንደኛ፣ ራሕዋ ሁለተኛ። መስመሩን በጣቷ ተከተለች። በዋጋም በንጽሕናም በልጣዋለች። «የቅሬታ ብዛት» የሚለው ላይ ግን ካሳይ በአሥራ አራት ቅሬታ ሙሉ ሠላሳ ነጥብ፤ እሷ ቅሬታ ስለሌለባት ዜሮ!

«አቶ ታዲዎስ፣ የሚሸለመው የተማረሩበት ነው እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ነው ያለው፣ ወይዘሮ ራሕዋ።»

«እርስዎ ገልብጠው አስገብተውት ነዋ!»

«ቀመሩ ጸድቋል። በቃ።»

ይህን የሰማችው የመዝገብ ቤቷ ሄኒ ሳቀች። «እትዬ፣ ቅሬታ ነው የፈለጉት? እንስጣቸዋ!»

«ተዪ አንቺ፣ ስሜን ታጠፊዋለሽ።»

ማን ሰምቷት! እስከ ምሳ ሰዓት ሠላሳ አንድ ቅሬታ ተጻፈ። «ሻይዋ ምላስ ያቃጥላል።» «ሳልናገር የምፈልገውን ታመጣለች።» «ስታመም ደውላ ረበሸችኝ።» ራሕዋም በመጨረሻ እየሳቀች ክምሩን ራሷ ወስዳ አስገባች።

ታዲዎስ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ፣ ቀመሩ ከጸደቀ ጀምሮ ተኝቶ የከረመው ስህተት በአንድ ሰዓት ውስጥ ነቃ! አዲስ ማስታወቂያ ወጣ፦ ቅሬታ ሲበዛ ነጥብ ሊቀንስ ይገባል፤ ተስተካክሏል። ካሳይ በአሥራ አራቱ አንደኛ፤ ራሕዋ በሠላሳ አንዱ ሁለተኛ። ቢቀናም ቢጣመምም አንድ ሰው ጋ ብቻ የሚደርስ መንገድ እንዲህ ያለው ነው። ሳይንስ ይሉታል ደግሞ፣ ሳያፍሩ!

ሄኒ አለቀሰች። ራሕዋ አላለቀሰችም፤ ብርጭቆዎቿን አጥባ ደረደረች። ታዲዎስ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«የክበቡ ቁልፍስ?»

አሥራ ስድስት ዓመት «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ኮምፒውተሩን ጠይቀው፣ አንተ!»