በጉድጓዱ ውስጥ ጥርት ብሎ የወጣው ሰው

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ሹም አልተሻረበትም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ስለሆነ፣ ስለ ሥራ ዘመን ለመናገር ዕድሜዬ አይፈቅድ ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ በፊት ነጌሌ ውስጥ በፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ካሜራ ለመያዝ ለሚያስቡ ታናናሾቼ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተፈራ መጥረጊያ ሰጡኝ። ማዕረጉ መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ፊልም አጣቢ፣ ከዚያ አታሚ፣ በመጨረሻም አንሺ ነበር። አንሺው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ያን ዕለት አንድ ፖሊስ ለመታወቂያ ጉርድ ሊነሳ መጣ። ጋሽ ተፈራ አገጩን በጣታቸው ቀና አድርገው፣ "ጌታዬ፣ ለጊዜው አይተንፍሱ" አሉት። ፖሊሱ ግን አስነጠሰው። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ የፖሊሱን የደበዘዘ ፊት በመስኮቱ ብርሃን አሳዩኝና ፊልሙን በመቀስ ቆረጡት።

"ሊበን፣ የተንቀሳቀሰ ሰው ፎቶ አይባልም። ወደ ቅርጫት!"

ይህን ሕግ ይዤ አጣቢ ሆንኩ፤ ከዚያም አታሚ። በጨለማው ክፍል ቀይ መብራት ሥር ወረቀቱ ላይ ብቅ የሚለው ሰው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ የተገተረ አንገት፣ የታፈነ ትንፋሽ። እኔ ሰውን ሥራው ላይ እንዳለ ማንሳት ነበር የምፈልገው።

በበጋ በቆላ ከተሞች ገበያ እየዞርን ጉርድ እናነሳ ነበር። አንድ ታኅሣሥ ዱብሉቅ ስንደርስ ጋሽ ተፈራን ለመንኳቸው።

"አንዴ ብቻ ከብት የሚያጠጡበትን የውሃ ጉድጓድ ላንሳ።"

"አንድ ፊልም እሰጥሃለሁ። ከተበላሸ ግን ሁለተኛ ካሜራ አትጠይቀኝም። ጨለማ ክፍልህ ውስጥ አርፈህ ትቀመጣለህ።"

ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ወንዶች ከታች እስከ ላይ በደረጃ በደረጃ ቆመው እየዘፈኑ ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ ባልዲ ይቀባበላሉ። የውሃውን ተራ የሚያስከብሩት ኦቦ ጉዮ የተባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

"አካም፣ ኦቦ? ናጋ?" ብዬ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቅኳቸው።

"ናጋ። ከብትህ የት አለ?"

"ካሜራ እንጂ ከብት የለኝም።"

"እሱም ይጠጣል?" ሲሉ ሰዎቹ ሳቁ።

"አይጠጣም። ብርሃን ብቻ ነው የሚፈልገው።"

"የሚፈልግ ሁሉ ተራውን ይጠብቃል" አሉና ከአንድ ሰው ፍየሎች ኋላ አቆሙኝ።

ተራዬ ሲደርስ ፀሐይዋ ከጉድጓዱ አፍ ዞራ ነበር። ብርሃኑ ስላነሰ የሌንሱን በር ቶሎ መዝጋት አልተቻለም፤ በሩ እስኪዘጋ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ደግሞ ይደበዝዛል። ከብቱ ተጠምቶ እየጮኸ "ቁሙልኝ" ማለትም አልደፈርኩም። ባለ ሦስት እግሩን ማስቀመጫ አደላድዬ አነሳሁ። ስሄድ ኦቦ ጉዮ፣ "የሠራኸውን አምጥተህ ታሳየኛለህ" አሉኝ። ቃል ገባሁላቸው።

ነጌሌ ተመልሼ ፊልሙን አጠብኩ። ሰዎቹ ሁሉ ጭስ መስለዋል። ጥርት ብሎ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ተፈራ መቀሳቸውን አነሱ።

"ጋሽዬ፣ ለሽማግሌው ቃል ገብቻለሁ።"

"እንዲህ ያለውን ይዘህ ልታዋርደኝ?" ካሉ በኋላ ጥቂት አሰቡና መቀሱን መለሱት። "አትመህ ውሰድ። የምትዋረደው አንተ ነህ።"

በጥር ዱብሉቅ ተመለስን። ኦቦ ጉዮ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት። ጃርሶ የሚባል ጎረምሳ በትከሻቸው ላይ አሾልቆ አየና ጮኸ።

"እዩኝማ! እኔ ብቻ ነኝ ያማርኩት! እናንተማ ጭስ ሆናችኋል!"

"አዎ፣ ጃርሶ፣ አንተ ብቻ ነህ የታየኸው" አሉ ኦቦ ጉዮ። "ሌሎቹ እየሠሩ ነዋ!"

ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሰው በሳቅ ፈነዳ። አንዱ፣ "ክንዴ በሥራ ዛለ እያልክ የምታለቅስብን እንዲህ ቆመህ ነው?" አለው። ኦቦ ጉዮ ጭሱን በጣታቸው እየነኩ፣ "ይሄ ቦሩ ነው፤ ባልዲ ሲወረውር እንዲህ ይጠማዘዛል። ይሄ ደግሞ ወንድሙ ነው" እያሉ ሁሉንም ለዩዋቸው።

ጋሽ ተፈራ ኦሮምኛ አይሰሙም። "ምንድን ነው? ተቆጡ?" አሉኝ በጆሮዬ።

"አይ፣ ጋሽዬ። ሥራ ፈቶ የቆመው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው ጥርት ብሎ የወጣው እያሉ ነው።"

ጋሽ ተፈራ ፎቶውን ከሽማግሌው ተቀብለው አዩት፤ ደግመው አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "ልቆርጠው ነበር እኮ!" አሉ። እኔም ጉርድ ተነስቶ እንደጨረሰ ደንበኛ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ጋሽ ተፈራ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት። "ከእንግዲህ የውጪውን አንተ አንሳ። ጉርዱ ለእኔ ይበቃኛል።"

ጃርሶ ግን አልለቀቀኝም። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ባልዲ ይዞ፣ "አሁን እንደገና አንሳኝ! እኔንም ጭስ አድርገኝ!" ይለኝ ጀመር። ተራዬን ጠብቄ አነሳሁት። ጭስ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ፎቶው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሳያዩት የቆረጥኩት ፊልም የለም። የተማርኩት ይህን ነው። ጃርሶን ደግሜ ያነሳሁትና ከጨለማ ክፍል ጠቅልዬ የወጣሁት ጥር 18 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው።