የእኅቴ አገጭና የሐዘኑ ምላጭ

አባቴ ጢማቸውን የሚላጩት እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቀበሌ ስብሰባ በፊት ነበር። ላሊበላ የሚገኘው ቤታችን ዳገት ላይ ስለነበር ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትደርሰው እኛ ዘንድ ነው። ደጃፉ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንድ ጣሳ ሙቅ ውኃ፣ ቁራጭ ሳሙና፣ ጥጉ የተሰበረ መስተዋትና እጀታው ሲጠመዘዝ አናቱ እንደ መስኮት ለሁለት የሚከፈት መላጫ ይደረድራሉ። ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያክሙ ድሬሰር ነበሩ፤ ፊታቸውንም የሚላጩት ቁስል እንደሚያጥቡት ሁሉ ሳይቸኩሉ ነው። ምላጩ ጢማቸውን ሲቆርጥ፣ ሰው ደረቅ ሣር ላይ ሲራመድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ያንን ድምፅ ዛሬም የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

መላጫውን ለማንም አያውሱም። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «እንግዳ ሲመጣ ሁሉን እሰጣለሁ፣ ይቺን ግን አልችልም» ይላሉ። ሰፈሩ ይህን እንደ ንፍገት ነበር የሚያየው። ምላጭ ከቀበሌው ሱቅ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ለወራት ይጠፋል፤ እሳቸው ጋሸና ድረስ ለሚመላለሱ ሾፌሮች እያዘዙ ያስመጣሉ። የደነዘውን ሰባብረው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ይጥሉታል። ሌላው ቤት ግን አንድ ምላጭ የአባወራውን ጢም፣ የልጆቹን ራስ፣ ከዚያም የጎረቤትን ልጆች ራስ ይላጫል። ቆረቆር ከራስ ወደ ራስ የሚዞረው በዚህ ምክንያት መሆኑን አባቴ ክሊኒክ ውስጥ ከዓመት እስከ ዓመት ይናገሩ ነበር። የሚሰማቸው አልነበረም።

ሰፈሩ አጥብቆ የሚጠብቀው አንድ ልዩነት ብቻ ነበር፦ የሐዘን ምላጭና የደስታ ምላጭ። በእኛ አገር ሴት የቅርብ ሰው ሲሞትባት ራሷን ትላጫለች። እማማ የምንላቸው የእናቴ እናት የሞቱ ጊዜ እናቴና አክስቴ ተላጩ። ከዚያ እናቴ ምላጩን በወረቀት ጠቅልላ ከመቃኑ አጠገብ ባለው የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጠችው፤ ደስታ ያለው ሰው እንዳይነካው፣ ለሌላ ሐዘን ደግሞ እንዲያገለግል። በየቤቱ ግድግዳ እንዲህ ያለ የታጠፈ ወረቀት ነበረ።

እኅቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት አገጯ ላይ ጠጉር ወጣ። ጥቂት አልነበረም። አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ለሦስት ዓመትም ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጣል አድርጋ መሄድ ጀመረች። ሰፈርተኛው ይህን እንደ ጨዋነት ቆጠረላት። ኩልመስክ ያሉ ሰዎች ለመምህር ልጃቸው ሲጠይቋት ከወደዱላት ነገር አንዱ ያ አሸፋፈኗ እንደነበረ ኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነግሮኛል።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እኅቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሙሽራው ወገን ሴቶች ሊስሟት ነጠላዋን ይገልጣሉ። ያያሉ። ከዚያ እሱ ያያል። ከዚያ መልሰው ይልኳታል። እኔ በጠጉር ምክንያት ተመልሳ የመጣች ሙሽራ ሰምቼ አላውቅም፤ እሷ ግን የመጀመሪያዋ እንደምትሆን አልተጠራጠረችም።

እስከዚያ ድረስ የምንጠቀመው በአመድ ነበር። ጣቴን አመድ አስነክቼ፣ ጠጉሩን በጥፍሬ ቆንጥጬ እነቅላለሁ፤ አመዱ ጠጉሩ እንዳያዳልጠኝ ነው። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትቆጥራለች። አንዳንዱ ጠጉር ከቆዳው ሥር ይበጠስና ወደ ውስጥ ያድጋል፣ ያብጣል፣ እሱን ደግሞ በመርፌ እንፈልጋለን። ምላጭ አንነካም ነበር፤ የተላጨ ጠጉር ወፍራም ሆኖ ይበቅላል ሲባል ሰምተናል። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን እኅቴ መስተዋቱን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ከዚህ በላይ በጥፍር አይሆንም አለች።

የአባታችንን መላጫ መንካት አይታሰብም። አንድ ጠብታ ውኃ ቢቀርበት ያውቃሉ። እኔ ከስንጥቁ ውስጥ ወረቀቱን አወጣሁ። ሁለት ራስ ብቻ የላጨ ምላጭ ነው፤ በእኛ አስተሳሰብ አዲስ ነበር።

«ዝጓል» አለች እኅቴ።

«ጠርዙ ላይ ትንሽ ነው።»

«የእማማን ሐዘን ፊቴ ላይ ልታስነኪው?»

«ጢም ይዘሽ ከምትዳሪ ይሻላል።»

«እሱ ጢም ከሌለው አካፍለዋለሁ» አለች፤ ስትስቅ አገጯን መያዝ አቃተኝ።

ያደረግሁትን በቅደም ተከተል አስታውሳለሁ። ሳሙና ሽታው ያሳብቅብናል ብለን ተውን። ውኃም አልነካንም። ምላጩን ያለ እጀታ በሁለት ጣቴ ያዝኩና፣ ትናንት በአመድ የተነቀለ፣ ገና የቀላ ቆዳ ላይ ከታች ወደ ላይ ጎተትኩት። ያልተቆረጠውን ደገምኩት። ሦስት ቦታ ደማ። ሲያልቅ አገጯ ለስላሳ ነበር፤ ሁለታችንም እየተፈራረቅን ዳሰስነው። የሠራሁት ነገር ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አበጠ። በአራተኛው አመረቀዘ፣ ትኩሳትም ጨመረባት። ቁርስ ላይ እናቴ ነጠላውን ያዘችና ወደ ታች ሳበችው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ብጉር ነው፣ እማ።»

አባቴ ክንዷን ይዘው ወደ ደጃፉ ብርሃን ወሰዷትና አገጯን ቀና አድርገው አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ።

«በምን ተላጨሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ አባ» አልኩ።

«በምን አልኩ እንጂ ማን አላልኩም።»

ወደ ግድግዳው ጠቆምኩ። እናቴ ስንጥቁን አየች፣ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«የእናቴን የሐዘን ምላጭ ለሙሽራ» አለች በቀስታ። «ይኸው ፊቷ ላይ ወጣ።»

«ፊቷ ላይ የወጣው ሐዘኑ አይደለም፤ ዝገቱና የሁለት ሰው ራስ ነው» አሉ አባቴ።

«አንቱ ደግሞ ሁሉን በጀርም ነው።»

«አንቺ ሁሉን በገድ።»

«እሺ፣ የራስዎን ምላጭ ለሰው የማያውሱት ለምንድን ነው?»

«እኔን የነካ ሌላውን እንዳይነካ ነዋ።»

«እኔስ ታዲያ ምን አልኩ?»

በትዳራቸው ዘመን ስለ ምላጭ የተስማሙት ያን ጠዋት ይመስለኛል።

እናቴ ኩልመስክ ሽማግሌ ተልኮ ሠርጉ ይገፋ አለች። እኅቴ አለቀሰች፤ ከተገፋ ለምን ይሉናል፣ ከጠየቁ ደግሞ ያውቃሉ። አባቴ እጅ ካልነካው በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ይደርቃል አሉ። ከክሊኒኩ ቦርሳቸው ያንን ሐምራዊውን የቁስል ቀለም ሲያወጡ እኅቴ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አባ፣ ሐምራዊ ጢም ይዤ ልዳር?»

ጢም የሚለው ቃል በሁለቱ መካከል ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። አባቴ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ጠርሙሱን መለሱ። «የአገሩን ቁስል ሳይ እውላለሁ፣ የቤቴን አላየሁም» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ሕክምናው ቀላል ነበር፤ የሚያስቸግረው መጠበቁ ነው። ፈልቶ ለብ ባለ የጨው ውኃ የተነከረ ንጹሕ ፋሻ በቀን አራት ጊዜ ይጫንበታል። አመድ የለም፣ መርፌ የለም፣ ቅቤ የለም፣ መዳሰስም የለም። እኔ ጨርቁን አፈላለሁ፣ እናቴ የእኅቴን እጅ ትጠብቃለች። በዘጠነኛው ቀን ቅርፊቱ ወደቀ። አንዲት ጥቁር ነጥብ ቀረች። ግን ሁለት ሳምንት ያልተነካው ጠጉር እንደዚያ ረዝሞ አይተነው አናውቅም፤ እኅቴን ከቁስሉ ይልቅ እሱ አስደነገጣት።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው አባቴ ደጃፉ ላይ አስቀመጧት። እናቴ ከመንገድ እንዳትታይ በኩታ ጋረደቻት። አዲስ መላጫ አመጡ፤ ከጋሸና ያስመጡት ለእሷ ነበር። አናቱን ከፍተው ምላጩን ከወረቀቱ ሲያወጡ፣ መላጫውን መጀመሪያ በፈላ ውኃ ሲነክሩ፣ ሁሉን እያሳዩን ነው።

ሙቅ ጨርቅ አገጯ ላይ አኑረው ጠጉሩ እስኪለሰልስ ጠበቁ። ሳሙናውን በእጃቸው አረፋ አድርገው ቀቡት። ቆዳውን በአንድ ጣት ወጠር አድርገው ጠጉሩ ወደ ተኛበት አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ፣ በአጭር በአጭሩ አወረዱት። በየመሐሉ ምላጩን ያለቀልቃሉ። ያለፉበትን ቦታ አይደግሙም፤ «ትንሽ ብትቀር ትቅር፣ ቆዳሽ ነው የሚበልጠው» አሉ። ጥቁሯን ነጥብ ዞረዋት አለፉ።

«አባ፣ ከተላጨ ወፍራም ሆኖ ይበቅላል ይባላል» አለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ከሃያ ዓመት በላይ ተላጭቻለሁ፤ እንደዚያ ቢሆን ዛሬ ሚስማር ባበቀልኩ። ጫፉ ስለሚቆረጥ ይወጋል እንጂ ያው ነው።»

ግማሹን ከላጩ በኋላ መላጫውን እሷ እጅ ላይ አስቀመጡት። የቀረውን ራሷ ላጨች፣ እሳቸው መስተዋቱን ያዙላት። አልደማችም። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነው፣ ማሸት አይደለም። በዚያን ቀን ሎሚም ሽቶም አይነካትም። ምላጩ ታጥቦ ይደርቃል፣ ሲደነዝ ይለወጣል፣ ቆዳዋ ከቀላ ሁለት ሦስት ቀን ታርፋለች። አባቴ ይህን ሁሉ የተናገሩት ለበሽተኛ መድኃኒት አወሳሰድ በሚነግሩበት ድምፅ ነበር፤ እኅቴ ያን ጊዜ እፍረቱ እንደቀለላት ነግራኛለች።

እናቴ የሐዘኑን ምላጭ ሰጠቻቸውና ሰባብረው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት በሄደች ቁጥር የአንዷ ሐዘን የነካው ምላጭ ሌላዋን አይንካ ማለት ጀመረች። ሴቶቹ ሰሟት። ምላጭ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ያለውን ቀቅለው መለየት ለመዱ። አባቴ ይህን ሲያዩ ከጋሸና የሚያስመጡትን ምላጭ ጨመሩ።

በሠርጉ ቀን የሙሽራው ወገን ሴቶች ነጠላዋን ገልጠው ግራና ቀኝ ሳሟት። እኔ አጠገቧ ቆሜ የእያንዳንዳቸውን ዓይን አየሁ። ምንም አልነበረም። መላጫዋ ከምላጮቹ ጋር ሣጥኗ ውስጥ፣ ከቀሚሶቹ ሥር ተጠቅልሎ ኩልመስክ ሄደ።

ከፋሲካ በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። ባሏ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጠብቄ፣ ያውቃል ወይ አልኳት። ያውቃል አለችና እንዲህ ነገረችኝ።

ለሦስት ወር እሱ ሲወጣ ጓዳ ገብታ ስትላጭ ቆየች። አንድ ጠዋት የእሱ ምላጭ ደነዘ፤ ሱቅም የለም። ሣጥኗን ከፍቶ መላጫዋን አወጣና ውኃ ጣሳ ይዞ ተቀመጠ። ዝም ብትል በእሷ ምላጭ ይላጭና ምስጢሯ እንደተሰወረ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ግን ያንኑ ምላጭ እሷም ፊቷ ላይ ልታደርገው ነው። ያ እብጠት ትዝ አላት።

«ተወው፣ የእኔ ነው» አለችው።

«የአንቺ? እኔ እኮ አባትሽ ለእኔ የላኩት መስሎኝ፣ መቼ ነው የምትሰጠኝ እያልኩ ስጠብቅ ነበር።»

«አገጬን እላጭበታለሁ።»

ይህን ስትነግረኝ እንኳ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ምን አለሽ ታዲያ?» አልኳት።

«መላጫውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ‹በሙቅ ነው በቀዝቃዛ?› አለኝ። በሙቅ አልኩት። እሱ ለካ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚላጨው። አንገቱን አላየሽውም? ብጉር በብጉር ነው።» ሳቀች። «አዲስ ምላጭ ሰጠሁት፣ ውኃም አሞቅሁለት። አሁን ተማሪዬ ነው።»