የአትጠገብ ዕድሜ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሐሜቴን፣ ቂሜን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን ከፊታቸው ተንበርክኬ ዋጥሁት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ዛሬ ዕድሜ ሰጥቶኛል። እኔ ግን ዕድሜ ሰረቅሁ። የሰረቅሁትም ከሞተች ልጄ ነው።

ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩኝ። ታላቋ ይታይሽ፣ በሦስት ዓመት የምታንሳት አትጠገብ። አትጠገብ በአምስት ዓመቷ በኩፍኝ ሞተችብኝ። የክርስትና ካርዷን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አኖርሁት።

ይታይሽ ሯጭ ሆነች። ከደብረ ታቦር ተነሥታ ጋፋት ደርሳ ስትመለስ፣ አብረዋት የወጡት ገና መንገድ ላይ ናቸው። አንድ ቀን አሠልጣኟ ቤት መጣ።

«እናቴ፣ ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እንዲያ ከሆነማ ከትልልቆቹ ጋር ልትሮጥ ነው። ዘንድሮ አትመረጥም። ከታዳጊዎቹ ጋር ብትሆን ግን የሚቀድማት የለም። እስቲ የክርስትና ካርዷን ይፈልጉት።»

ከዚህ በላይ አላለም። ሳጥኑን የከፈትሁ እኔ ነኝ። የይታይሽ ካርድ ከላይ ነበር። እሱን አልፌ የታችኛውን፣ በጨርቅ የጠቀለልሁትን አወጣሁ።

ይታይሽ እጄ ላይ አየችው። «እማዬ፣ ተይው። ከእኩዮቼ ጋር ልሸነፍ» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኋት።

ካርዱ ላይ የክርስትና ስምና የአባት ስም እንጂ የቤት ስም የለም። የቀበሌው ጸሐፊ አገላብጦ አየውና፣ «እማማ፣ እርግጠኛ ነዎት? የባላገር እናት እኮ የልጇን ዕድሜ በአዝመራ ነው የምትቆጥር» ብሎ ሳቀ። እኔም እንደማያውቅ ሰው አንገቴን ደፋሁ። አላውቅም ነበር? ሁለቱንም በሰማንያ ቀናቸው ታቅፌ ያስጠመቅሁ እኔ አላውቅም? በንቀቱ ተሸሸግሁ። ይታይሽ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው ብዬ በማርያም ማልሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄ ከልጆች ጋር ሮጣ አሸነፈች። በመጀመሪያው ውድድር ሁለተኛ የወጣችው ከገሳይ የመጣች ልጅ ነበረች። የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። እናቷ መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ «ማሕፀንሽ ይባረክ፣ የኔዪቱንም እንደ ይታይሽ ያድርግልኝ» አለች። «አሜን» አልኋት። ያቺ ልጅ በዓመቱ ሩጫውን ተወች ሲሉ ሰማሁ። በምን አፌ ነው አሜን ያልሁት?

ለምን አደረግሁት? ድህነት ነው እንዳልል ጠግበን እናድር ነበር። ልጅ የሞተባት መባል መረረኝ፤ የአሸናፊ እናት መባል አማረኝ። ይኸው ነው።

ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ልጆቻችን አገር ቤት አንደኛ እየሆኑ ባሕር ማዶ ሲሄዱ ለምን ይጠፋሉ ይላሉ። አንዱ ምግቡ ነው ይላል፣ አንዱ ጫማው። የሌላውን አላውቅም። የእኔን ልጅ አውቃለሁ።

በወረቀቱም ለትልልቆቹ የደረሰች ጊዜ ባሕር ማዶ ተላከች። እስከ መጨረሻው ዙር ከፊት መራች። ከዚያ ሦስት ሴቶች አለፏት። እሷም ቆመች፤ ከመሮጫው መምም ወጣች። እግሯን አላመማት፣ ትንፋሽ አላጠራት። ቤት ስትመለስ ምን ሆንሽ ብዬ ጠየቅኋት። የጫማዋን ክር እየፈታች ነበር፣ ቀና አላለችም።

«ሰው ሲቀድመኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር» አለችኝ።

እኩዮቿ ያንን በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው እየተሸነፉ ተምረውታል። እሷም ልማር ብላኝ ነበር። የከለከልኋት እኔ ነኝ። እኔ።

ይታይሽ ዛሬ አትሮጥም። ጤና ናት፣ ተመስገን። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ለነፍስ አባቴ እነግራቸዋለሁ፤ የሰጡኝን እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ። እናንተን ግን ይቅር በሉኝ አልልም። ብትሉኝ የሚቀለኝ እኔ ነኝ፤ እሷ ያልሮጠችው ሩጫ ግን ከእንግዲህ አይሮጥም።